ጣቶቿ ተቀድተው ድምፅዋ የቀረ ዕለት

ያን ጊዜ እኔ በፍርሃቷ የምትታወቅ ሴት ነበርኩ። ጂንካ ገበያ አብረውኝ ጎደሬ የሚሸጡት ሴቶች ደመና ሲጠቁር ሰማዩን አያዩም፤ እኔን ነው የሚያዩት። ጆንያዬን ማጠፍ ከጀመርኩ «ተይ ገና ነው፤ እሷ ሁሌ ከዝናቡ ሁለት ሰዓት ትቀድማለች» ይባባላሉ። ይህን የምነግራችሁ እንድትስቁ ብዬ አይደለም፤ ብትስቁም ግን አልከፋም። የምፈራው ያለ ነገር አልነበረም። ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ። ከዚያ በኋላ ያገኘኋት ሩት ብቻ ነች።

የተወለድኩት ከካኮ ወዲህ ባለ መንደር ነው። አፌን የፈታሁት በአሪ ቋንቋ ነው፤ አማርኛውን ገበያ ውስጥ ከደንበኛ ጋር እየተከራከርኩ ለመድኩት። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ባለቤቴ ራቅ ባለ ቦታ በአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነው፤ መኪና ሲገኝ ይመጣል፣ ካልተገኘም ወር ይቆያል። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ብዙውን ጊዜ እኔና ሩት ብቻ ነን።

ሩት ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ሕፃናት ታስተምራለች፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ እየተጫወተች መዘምራኑን ትመራለች። አንገቷ ላይ እንቅርት የወጣባት ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ በአንገት ልብስ ሸፈነችው። በኋላ ስትተኛ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሐኪሙ አይቶ ለኦፕራሲዮን ወደ ሌላ ከተማ ሪፈር ጻፈላት፤ ቀጠሮዋም ማክሰኞ ሆነ። እሁድ ገና ጎህ ሲቀድ በአውቶቡስ ልንነሳ ነው።

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ አልደበቀንም። «እናቴ፣ የድምፅ ነርቭ በእንቅርቱ ጎን ነው የሚያልፈው። ይጠነቀቃሉ። ሆኖም ድምፅዋ ሊጎረንን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ግን እንደተለወጠ ይቆያል» አለን።

ሩት የተጨነቀችው ለድምፅዋ ነው። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር። ካልተመለሰችስ? ካልነቃችስ? ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌም በስልክ «ደኅና ነን» አልኩት።

ከመንገዱ ሦስት ቀን በፊት ጠዋት ላይ ከቤት ስወጣ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ግቢያችንን ሞልቶታል። አጥሩ የለም፣ የሙዝ ተክሉ የለም፣ የጎረቤት ጣሪያም የለም። ከዚያ ነጭ ነገር ውስጥ የልጄ ድምፅ ይመጣል። ልብስ እያጠበች ትዘምራለች። እሷ አትታይም። እጄን ብዘረጋ የምደርስባት ቅርብ ናት፤ ግን ጭጋጉ ወስዷታል፤ የቀረኝ ድምፅዋ ነው። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይህ ድምፅ በእጄ ካለ፣ ብዬ አሰብኩ፣ የመጣው ቢመጣ ባዶ ቤት አልገባም።

«ሩትዬ» አልኳት ወደ ጭጋጉ።

«አቤት እማዬ!»

«ያንን መዝሙር አስቀጂው። ራስሽ ያወጣሽውን፣ በኛ ቋንቋ ያለውን።»

«ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አይሻልም? አሁን እኮ ትንፋሽ ያጥረኛል።»

«አሁን ነው።»

«ለምን አሁን?»

«ዝም ብሎ አሁን!»

የልብስ ማሸቱ ድምፅ ቆመ። ሩት ከጭጋጉ ወጥታ እጇ ላይ አረፋ እንዳለ አየችኝ። የገባት ይመስለኛል። «እሺ፤ ናቲን እጠይቀዋለሁ» ብላ ተመልሳ ገባች።

ናቲ የምትለው ናትናኤልን ነው። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ኮምፒዩተር ይጠግናል። ከአሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ አጠገብ የተከራያትን አንዲት ክፍል ስቱዲዮ አድርጓታል። ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ኑ አለን፤ ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ጫጫታው ሳይጀምር።

ሜዳውን አቋርጠን ሄድን። ሣሩ ጤዛ ነው፤ ከብቶቹ በጭጋግ ውስጥ ሆድ ሆዳቸው ብቻ ይታያል፤ እግር የሌላቸው ይመስላሉ። ሩት ክንዴን ይዛለች ወይስ እኔ የሷን ይዣለሁ፣ አላስታውስም።

የክፍሏ ግድግዳ በሙሉ በአሮጌ ስፖንጅና በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ተሸፍኗል።

«ልጄ፣ ዶሮ ልታረባ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ወንደላጤ ነኝ ማዘር። ግድግዳው እስኪሞላ ድረስ እንቁላል ነው የበላሁት» አለና ወንበር ሰጠኝ።

ኪቦርዱን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። «ሩት፣ እስቲ ለሙከራ ነካ ነካ አድርጊው» ብሎ ላፕቶፑ ላይ አንድ ቀይ ምልክት ተጫነ። ሩት ስትነካ ስክሪኑ ላይ ትንንሽ አረንጓዴ ነገሮች አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። በቦይ የተዘራ በቆሎ መስለው ታዩኝ። ከፍ ያለውን ስትነካ ፍሬው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ዝቅ ያለውን ስትነካ ዝቅ ብሎ። ተደነቅኩ። ናትናኤል «ይሄ ኪቦርዱ ነው፤ ማይኩን ደግሞ ለብቻው እከፍታለሁ» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ግን ልቤ ፍሬዎቹ ላይ ነበር። ድምፅ እንዲህ የሚታይ ነገር ነው? ብዬ።

«ሳንጸልይ አንጀምርም» አልኩ።

«እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ ማዘር፤ ግን ጸሎት አይጠላም። ይጸለይ።»

እኔ ጸሎት ስጀምር ቶሎ አላቆምም። ዓይኔን ጨፈንኩ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲጸልይ ኪቦርድ የሚጫወተው ከሥር ቀስ አድርጎ ይነካል፤ ሩትም ልማዷ ስለሆነ ጣቶቿ በራሳቸው ተነሡ። እኔ ስለ ሐኪሞቹ እጅ ጸለይኩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሾፌሩ፣ ስለ ጎማው ሳይቀር ጸለይኩ። ከዚያ ቃል አለቀብኝ። አሜን ሳልል ሩት ከሥር ተቀበለችኝ። ጸሎቱ የት እንዳበቃ መዝሙሩም የት እንደጀመረ እኔ አላውቅም፤ ወንዝ ከወንዝ ሲገናኝ መስመር የለውም።

መዝሙሩ በጭጋግ ወንዝ ስለሚሻገር ሰው ነው። ማዶውን አያይም፤ ግን ከማዶ አንድ ሰው በስሙ ይጠራዋል፤ ድምፁን እየተከተለ ይሻገራል። እንደዚያ ዕለት አድርጋ ዘምራው አታውቅም። ትንፋሽዋ አላጠረም። ከፍ ወደሚለው ቦታ ስትደርስ እንደ ወፍ ወጣች፤ እኔ ወንበሩ ከሥሬ የጠፋ መሰለኝ፤ ሁለቱ ልጆቼም ያሉ መሰለኝ፣ እናቴም፣ ከብቶቹም፣ ሁላችንም በዚያ ውኃ ውስጥ እስከ ጉልበታችን ቆመን የምንሰማ። ማን ዓይኑን ይገልጣል? እንዲህ ባለ ሰዓት ዓይን መግለጥ የተኛ ሕፃን መቀስቀስ ነው።

ሲያበቃ ውጭ አንዲት ላም ጮኸች። ዓይኔን ገለጥኩ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር በአረንጓዴ ፍሬ ሞልቷል።

«ገባ!» ብዬ አጨበጨብኩ። «ሁሉም ገባ! ይኸው አየሁት!»

ናትናኤልም ዓይኑን የገለጠው ያኔ ነው። ስክሪኑን አየ። ማይኩን አየ። እንደገና ስክሪኑን አየ። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

«ምነው ልጄ?»

አንድ ቁልፍ ተጫነ። ኪቦርዱ ማንም ሳይነካው መጫወት ጀመረ። ያው መዝሙር ነው፤ ያው አካሄድ ነው፤ ያው ዝግታ። ድምፅዋን ጠበቅኩ። የምትገባበት ቦታ መጣ፤ አልገባችም። ከፍ የሚለው ቦታ መጣ፤ ባዶውን አለፈ። ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ መብራት በርቶ እንደማየት ነበር።

«ድምፅዋስ?» አልኩ።

«የለም ማዘር። ማይኩን አልከፈትኩትም። ለሙከራ የከፈትኩት የኪቦርዱ ትራክ ብቻ ነው እስከ አሁን ሲቀዳ የነበረው።»

ሩት በመጀመሪያ ሳቀች። እውነቴን ነው፤ ከትከት ብላ ሳቀች። «ናቲ፣ አንተን ደግሞ ማን ዓይንህን ጨፍን አለህ?»

«አክብሬያችሁ ነዋ! እኛ ስንጸልይ ዓይናችንን አንጨፍንም። በሕይወቴ አንዴ ብጨፍን ይኸው ጉድ ሆንኩ!»

እኔ አልሳቅኩም። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ፍሬ ምንድን ነው? ምን ይዞ ነው የሞላው?»

ተጎንብሶ እንደ ተማሪ አስረዳኝ። «ሁለት ዓይነት መቅዳት አለ ማዘር። አንደኛው ኦዲዮ ይባላል። ማይኩ የሰማውን ሁሉ ይይዛል፤ ድምፅዋን፣ ትንፋሽዋን፣ ላሟ ከጮኸችም የላሟን ጩኸት። ሌላኛው ሚዲ ይባላል። ሚዲ ድምፅ አይዝም። የትኛውን ቁልፍ እንደነካች፣ መቼ፣ ምን ያህል አጥብቃ፣ መቼ እንደለቀቀችው፣ ያንን ብቻ ይጽፋል። አሁን የሰማነው ማሽኑ ጽሑፉን እያነበበ ሲጫወት ነው።»

«ኮቴ ነው በለኛ! ከብቱ የለም፣ ኮቴው ነው ያለው።»

«ልክ ነዎት። ኮቴ ነው።»

ሩት ልታጽናናኝ ፈለገች። «አያቴ እኮ ኮቴ አይቶ የማን ላም እንደሆነች ያውቅ ነበር ብለሽኛል።»

«ላሟን አውቆ ነው ኮቴዋን የሚያውቀው!» ብዬ ጮኽኩባት።

ማይኩ ተከፈተ። ሩት እንደገና ጀመረች። ግን ያው ውኃ ሁለተኛ አይመጣም። ግማሽ ላይ ትንፋሽዋ ተቆረጠ። እንደገና። ሳል ያዛት። ሦስተኛው ላይ ውጭ ገበያተኛው መንጋጋት ጀመረ፤ ባጃጅ ጡሩንባ ነፋ፤ ፍየል ጮኸ፤ ሁሉም በሄድፎኑ ይሰማል አለ ናትናኤል። ሩት እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ በቃኝ።»

«ትንሽ አረፍ በይና...»

«በቃኝ አልኩሽ። ናቲ፣ እነዚህን ሦስቱን አጥፋቸው። እንዲህ ስስል የተቀዳው እንዲቀመጥ አልፈልግም።»

እሱ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። አጠፋቸው።

ያኔ በሕይወቴ የማፍርበትን ነገር ተናገርኩ። «አንተ ሰው፣ የልጄን ድምፅ በላህ!» አልኩት። በሰው አገር ብቻውን የሚኖር፣ አክብሮን ዓይኑን የጨፈነ ሰው ነው። አንገቱን ደፋ። ሩት ግን ተነሥታ በሁለት እጇ ፊቴን ያዘች፤ «እማዬ፣ እዪኝ። ድምፄ እዚህ ነው ያለው፤ አልተበላም» አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ ጎርንኖ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን ብቻ ሰማሁ።

ልንወጣ ስንል ናትናኤል ጥፋቱን በአንድ ነገር ሊክስ ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ ፍሬዎቹን በማጉላት አሳየን። «የጨዋታውን ቅጂ በስልካችሁ ላድርግላችሁ። ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ እዩ፣ ይቺ ፍሬ ሁልጊዜ ትንሽ ትዘገያለች። በአንድ ንክኪ ሁሉንም መስመር አስይዛቸዋለሁ፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያስተካክለዋል።»

የሚያሳየውን አየሁ። አራት ይሄዳሉ፣ አምስተኛዋ ትዘገያለች። አራት ይሄዳሉ፣ አምስተኛዋ ትዘገያለች። ከዚያ የሩትን ቀኝ እጅ አየሁ። ሰባት ዓመቷ እያለች ሣር ስታጭድ ማጭድ የቆረጣት የቀለበት ጣቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በደንብ አይታጠፍላትም።

«እንዳትነካ!» አልኩት። ሁለቱም ደነገጡ። «እሱን ተወው። እሱ ልጄ ናት።»

ያንን ጨዋታ በስልኬ ይዤ እሁድ ተነሣን። በአውቶቡሱ መስኮት ጂንካ በጭጋጉ ውስጥ ቀለጠች። ሩት ትከሻዬ ላይ ተኛች። ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ አድርጌ ሄድኩ፤ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ተራራው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ኪቦርዱ ሰው ይጠብቃል። አምስተኛዋ ፍሬ በዘገየች ቁጥር ልቤ «አለች» ይላል።

ማክሰኞ ሩትን በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዷት። በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከአጠገቤ ባሏን የምትጠብቅ ሴት ተቀምጣለች። ስልኬን ከፈትኩ። አንድ ጊዜ ሰማሁ። ሁለት ጊዜ። ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ጊዜ በዚያ ኮሪደር ላይ አይሄድም ነበር፤ ብርሃኑ ከግድግዳው ወደ ወለሉ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ከወለሉም ሲጠፋ። በመካከሉ ሴትየዋ ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

«የሚዘምረው ማነው?»

«አይዘመርበትም፤ ጨዋታ ብቻ ነው።»

«አንቺ እኮ እየዘመርሽ ነው» አለችኝ።

አላወቅኩም ነበር። ባዶውን ቦታ ሳላስበው ሞልቼዋለሁ። አፈርኩና ዝም አልኩ። «ቀጥዪ እንጂ፤ እኔንም ይዞኛል» አለች። ቀጠልኩ፤ ቀስ አድርጌ፣ በሻሼ ጫፍ አፌን ሸፍኜ። አንዲት ነርስ ስታልፍ ቆም ብላ አየችን፤ ዝም በሉ ትለናለች ብዬ ስፈራ ፈገግ ብላ አለፈች።

ልጄ ነቃች። ይህን ሳላቆያችሁ ልንገራችሁ፤ እኔ በዚያ ሰዓት ያየሁትን ጭንቀት ለእናንተ አልመኝም። ነቃች፤ እጄን ጨበጠች። ልትናገር ስትል ግን የወጣው አየር ብቻ ነው። «ይመለሳል፤ ቀስ ይላል» አሉን።

ጂንካ ተመልሰን ሳምንታት አለፉ። ድምፁ መጣ፤ ግን ሌላ ሆኖ መጣ። ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ዓይነት። ሕፃናቱ መጀመሪያ ሲሰሟት «ቲቸር፣ ጉንፋን ይዞሻል?» ይሏት ነበር። ሐኪሙ ነርቩ ደኅና ነው፤ ከዚህ በላይ ይለወጥ እንደሆነ ጊዜ ነው የሚያውቀው አለ። እኔ በሕይወት አለች ብዬ ጮቤ ስረግጥ እሷ ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻው አግዳሚ ላይ መቀመጥ ጀመረች። ኪቦርዱን ለሌላ ሰው ሰጠች። ግቢያችን ውስጥ ልብስ ይታጠባል፤ መዝሙር የለም። ይህን አልጠበቅኩም። ልጄን አግኝቼ ልጄ ጠፋችብኝ።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ከውስጥ ያ ጨዋታ ይሰማል። ስልኬን ረስቼው ሄጄ ኖሯል። በመስኮት አየኋት፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከጨዋታው ጋር ልትዘምር ትሞክራለች። ድምፅዋ ትንሽ ይወጣል፣ ይደክማል፣ ይወድቃል። መዝሙሩ ያለው የድሮዋ ሩት ቦታ ላይ ነው፤ የዛሬዋ ከሥሩ ቆማ ታየዋለች። ስልኩን ዘጋችው። እኔ ሳልገባ ተመልሼ ወጣሁ፤ ጎደሬዬን እንደተሸከምኩ ቀጥ ብዬ ወደ ናትናኤል ሄድኩ።

በሩ ላይ ሲያየኝ ደነገጠ። «ማዘር፣ ሩት ደኅና አይደለችም?»

«ደኅና ናት። ያን ቀን የተናገርኩህን ይቅር በለኝ። ተቆጥቼ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።»

«ኧረ ማዘር! እኔ እንኳ ራሴን ይቅር አላልኩም።»

«ጎደሬ አምጥቻለሁ። እንቁላል ብቻ አትብላ።» ሳቀ። ከዚያ በመስኮት ያየሁትን ነገርኩት። ሰማኝና ላፕቶፑን ከፈተ። ፍሬዎቹ እንዳሉ አሉ።

«ማዘር፣ ያን ቀን ድምፅዋን በኦዲዮ ቀድቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምንም ላደርግላት አልችልም ነበር። ኦዲዮ እንደተቀዳ ነው፤ ብዙ ዝቅ ካደረግኩት ይንሻፈፋል፤ የሰው ድምፅ የበሬ ይመስላል። ሚዲ ግን ጽሑፍ ነው። የዛሬ ድምፅዋ የት ነው ያለው?»

ልነግረው ስላልቻልኩ አዜምኩለት፤ እሷ የምትናገርበትን ያህል ዝቅ አድርጌ። ኪቦርዱን እየነካ ፈለገው። ከዚያ ፍሬዎቹን ሁሉ መረጣቸውና ወደ ታች ጎተታቸው። አንዲትም ሳትቀር አብረው ወረዱ። ከሰማይ ወደ ሜዳ የሚያርፍ የወፍ መንጋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማንም ማንንም ሳይነካ፣ ሁሉም ሰልፉን እንደያዘ? እንደዚያ ነበር። ሲያጫውተው ያው የልጄ እጅ ነው፤ ያቺ ጣትም ትዘገያለች፤ ግን መዝሙሩ ጎንበስ ብሎ የሆነ ሰው ሊያነሣ የመጣ ይመስላል።

ሩትን ማምጣት ቀላል አልነበረም። «እማዬ፣ እኔ ዘማሪ አይደለሁም አሁን» አለችኝ። «ስሚው ብቻ። ካልሆነ እንመለሳለን» አልኳት። በነጋታው ከሰዓት በኋላ ሄድን። ሄድፎኑን ጆሮዋ ላይ አደረገ። ዓይኗ መሬት ላይ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ገባች።

ዝናብ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይመታ ጀመር። ናትናኤል እጁን አነሣ። «ሩት፣ ዝናቡ ማይኩ ውስጥ እየገባ ነው። እንጠብቅ?»

«ይግባ» አለች።

ዘመረች። ዝቅ ያለው ድምፅዋ ከመሬት ሥር የሚመጣ ነገር ነው። ድሮ ከማዶ የምትጠራዋ ነበረች፤ አሁን ውኃ ውስጥ ሆና የምትሻገረዋ ሆነች። ከፍ ወደሚለው ቦታ ስትደርስ ግን ቆመች። ዝቅ ተደርጎም እንኳ አልደረሰችበትም። ፊቷ ሊዘጋ ሲል አየሁት፤ ያንን መዘጋት አውቀዋለሁ፤ ሳምንታት ሙሉ አብሬው ኖሬአለሁ።

ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ እዚህ ላይ አንቺ ያዢልኝ።»

«እኔ? አብደሻል?»

«ሆስፒታል ስትዘምሪ እንደነበር ነርሷ ነግራኛለች። ‹እናትሽ ኮሪደሩን ቤተ ክርስቲያን አደረገችው› ነው ያለችኝ።»

«እኔ እፈራለሁ ሩትዬ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጥቀጥ።»

ናትናኤል ሁለተኛ ሄድፎን ሰጠኝና «ማዘር፣ ማይኩ ክፍት ነው፤ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ» አለ። ከልጄ ጎን ቆምኩ። ትከሻችን ተነካካ። ጨዋታው መጣ፤ እሷ ከታች ጀመረች፤ ቦታው ሲደርስ አፌን ከፈትኩ። እንደ ሽምብራ ቅጠል ተንቀጠቀጥኩ፤ ግን አልወደቅኩም። ከሥሬ የሷ ድምፅ ነበር፤ ሰው መሬት ላይ እንደሚቆም ቆምኩበት።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ስለ ዘፈንና ስለ ኮምፒዩተር ላስተምራችሁ የምችል ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ልበላችሁ። ያን ቅዳሜ የሮጥኩት ልጄን እንደነበረች አድርጌ ለማስቀመጥ ነው። ቢሳካልኝ ኖሮ ዛሬ ቤቴ ውስጥ ሁለት ሩት ይኖሩ ነበር። አንዷ ስልክ ውስጥ፣ እንደ ወፍ የምትወጣ፤ ሌላዋ ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከዚያችኛዋ ጋር ስትነጻጸር የምትውል። እኔም ሳላውቀው የሞተ ሰው ሳይኖር ለቅሶ እቀመጥ ነበር። ያጣሁት ነገር ነው ያተረፈኝ። የምትወዱትን ሰው ድምፅ አትቅዱ እያልኩ አይደለም፤ ቅዱ፤ እኔም ብችል እያንዳንዱን ቀን እቀዳለሁ። ብቻ ሰው ሲለወጥ የቀዳችሁትን አንሥታችሁ ፊቱ ላይ አታጫውቱበት። እኔ አሁንም እፈራለሁ። ፍርሃት እንደ ቁመት ነው፤ በዚህ ዕድሜ አያጥርም። ግን ስፈራ ልጄን ጨብጬ አልይዛትም፤ ከጎኗ እቆማለሁ።

መዝሙሩ ከስልክ ወደ ስልክ ሄዶ አሁን ከእኛ በላይ ያውቀዋል ሰዉ። ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ተከፍቶ አገኘሁት። ሾፌሩ ከማላውቃቸው ልጆች አንዱ ነው።

«ወደድከው?» አልኩት።

«ቋንቋው እንኳ አይገባኝም እናቴ፤ ግን ድምፀ ወፍራሟ ሴትዮ ሆድ ታባባለች። ዝናቡንም ሆን ብለው ነው የጨመሩበት ይላሉ።»

«ወፍራሟ ልጄ ናት።»

በመስታወቱ አየኝ፤ አላመነኝም። «እሺ፣ ቀጭኗስ? ያቺ የምትንቀጠቀጠው?»

«እሷ እኔ ነኝ» አልኩት። «ድምፁን ጨምርልኝ።»